ለነጭ ውሻ የሚሆን ውኃ

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017፣ ሰበታ። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ጠዋት አባራ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንደገና ጀመረ። የነበርነው እኔ፣ አሠሪዬ ፀደንያ፣ ከፉሪ የመጣችው ደንበኛ ሊሊና ውሻዋ ቲቶ።

ቲቶ ነጭ ፑድል ነው። ከሆዱ ሥር ያለው ፀጉር ተድበልብሎ ቆዳውን ይጎትተዋል። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ቋጠሮ ከጫፉ ወደ ሥሩ ነው የሚፈታው፤ ከሥሩ የጀመረ ሰው ውሻውን ያስጮኸዋል። ቲቶ አንዴም አልጮኸም። የጮኸችው ሊሊ ናት፣ ሒሳቡን ስታይ።

«ሦስት ሺህ ሁለት መቶ? ፀዲ፣ እኔ ራሴ ሹሩባ ተሠርቼ፣ ጥፍሬን ተቀብቼ ይሄን አልከፍልም እኮ!»

«አንቺ ዝም ብለሽ ተቀምጠሽ ነው የምትሠሪው» አለች ፀደንያ። «ማንንም አትነክሺም።»

ተሳሳቁ። ሊሊ ግን ስትስቅም ዓይኗን ከወረቀቱ ላይ አላነሣችም።

የግቢው ባለቤት እማማ ሰብለወርቅ በመስኮቱ በኩል ሲያልፉ «ሦስት ሺህ ብር ለውሻ ገላ! ስምንተኛው ሺህ ይኼ ነው እንግዲህ» አሉ። ሁላችንም ሰማን። ፀደንያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሃያ ሁለት ሺህ ኪራያቸው ከዚሁ ከውሻ ገላ ሲወጣ ግን ይጣፍጣቸዋል» አለች።

የፊት ለፊቱን ሰርቪስ ተከራይታ የውሻ ማስዋቢያ የከፈተችበት ፀደንያ ናት። ነጭ ጋዋን ትለብሳለች፣ ስልክ ታነሣለች፣ ፎቶ ታነሣለች። ቶንዶሱን የምይዘው እኔ ነኝ። ከጀርባ ያለችው አንድ ክፍል የእኔ ናት፤ ኪራይዋን የምትከፍለው ፀደንያ ስለሆነች የእኔ ናት ማለቴም ስሕተት ነው። ሥራው የሄደ ቀን ክፍሏም ትሄዳለች።


ሰኞ፣ ነሐሴ 5። ዝናብ። ቧንቧ ከጠፋ ስምንተኛ ቀን።

ከመናገሻ አንዲት ነጭ ትንሽ ውሻ መጣች። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ውኃ ጠብቄ አጠብኳት። በፎን ሳደርቃት ፀጉሯ ዝገት ዝገት አለ። ያመጣት ሰውዬ «ነጭ ሰጥቼ ቀይ ልረከብ?» ብሎ ጮኸ። ፀደንያ ገንዘቡን መለሰችለት፤ ከደሞዜ ስምንት መቶ ቆረጠች።

«ውኃውን አይተሽ አትቀጂም?»

አይቼ ነበር። ሳፋ ውስጥ ሲታይ ንጹሕ ነው። ዝገት ነጭ ፀጉር ላይ ካልሆነ አይታይም። ለእሷ መመለስ ማለት ሌላ ስምንት መቶ ነው።

ስለዚህ ሕጉ ይኼ ነው፦ ጥቁርና ቡናማ ውሻ በጣሪያ ውኃ ይታጠባል፤ ነጭ ውሻ በቦቴ ወይም ኦቦ ሱልጣን በሚያመጣው ውኃ ብቻ። ኦቦ ሱልጣን በአህያ ጋሪ ከቦኖ ውኃ የሚያመላልስ ሰው ነው። «አካም ቡልተ፣ አዴ አትክልት» ሳይለኝ ጄሪካን አያወርድም። በዚህ ግቢ ደህና አደርሽ የሚሉኝ እሱና እማማ ናቸው።


ዓርብ፣ ነሐሴ 9። ቀኑን ደመና፣ ማታ ዶፍ። የጾም ምሳ፣ ሽሮ።

ፀደንያ ከተማ ሄዳ ሳለ ሊሊ ያለ ውሻዋ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ግራ ቀኙን አየች።

«አትክልትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ባሌ ወይ ወጪውን ቀንሺ ወይ ውሻውን ለሰው ስጪ ብሎኛል። በአምስት ሳምንት ሦስት ሺህ ከየት ላምጣ? የሚከፈለው ለምን ለምኑ ነው?»

ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም ማለት አውቃለሁ፤ አርባ ስድስት ዓመት የሠራሁት እሱን ነው። ግን የጠየቀችኝ ስለ ሥራዬ ነው። ስለ ሥራዬ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

ማንበብ የተማርኩት ወልድያ፣ ባለሱቁ አባቴ ስኳርና ጨው ከሚጠቀልልባቸው ጋዜጦች ነው። የውሻ ሥራም እንዲሁ። ሻምፖ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን ወረቀት በትንሽ መዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ የእንስሳት ሐኪም ከጣለው የግድግዳ ካላንደር ላይ ሥዕል እየቆረጥኩ። ፀደንያ ከቪዲዮ ሁለት ሳምንት ተምራ «ባለሙያ» ተባለች። እኔ «አጣቢዋ» ነኝ።

በሻምፖ ካርቶን ጀርባ ጻፍኩላት። እዚህም ልገልብጠው።

ከሦስት ሺህ ሁለት መቶው ውስጥ ማጠብና ማድረቅ ሺህ አራት መቶ፣ ፀጉር መቁረጥ ሺህ ነው። አምስት መቶው ቋጠሮ መፍቻ ነው። ጥፍርና ጆሮ ሦስት መቶ። ቋጠሮው የስንፍና ዋጋ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ባለ ሽቦ ማበጠሪያ ገዝተሽ በየሁለት ቀኑ ሩብ ሰዓት ብታበጥሪው፣ ከጆሮው ጀርባና ከብብቱ ጀምረሽ፣ አምስት መቶው ይቀራል። ጥፍሩንና ጆሮውን አንዴ አሳይሻለሁ፣ ከዚያ ራስሽ ትሠሪዋለሽ። ከተበጠረ በየአምስት ሳምንቱ መምጣት የለበትም፤ አሥር ሳምንት ይበቃዋል። በየሳምንቱ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር በፖስታ አስቀምጪ፤ ቀኑ ሲደርስ ሞልቶ ታገኚዋለሽ፣ ባልሽም ሦስት ሺህ በአንዴ ሲወጣ አያይም። በበዓል ሰሞን አታምጪው፣ ዋጋ ይጨምራል። ውሻውን ሳያይ በስልክ ዋጋ የሚነግርሽን አትመኚው። ሁለተኛ ውሻ ካማረሽ ደግሞ አጭር ፀጉር ያለው ይሁን፤ የፀጉሩን ወጪ ዕድሜውን ሙሉ የምትከፍዪው አንቺ ነሽ።

ሊሊ አቅፋ ሳመችኝ። ለእሷና ለቲቶ አዝኜ ነው የጻፍኩት። ስጽፍ ፀደንያ ትዝ አላለችኝም። አንዴ ብቻ፣ «አትመኚው» የሚለው ላይ፤ በስልክ ዋጋ የምትናገረው እሷ ናት።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 14። ዛሬ ሁለት ውሻ ብቻ። ፀደንያ ስልኳን እያየች «ሰው ሁሉ ምን ነካው?» ትላለች። እኔ ወለል ወልውዬ ገባሁ።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 21። ጭጋግ። ፀደንያ፣ እኔ፣ ጄሪካን ሲያወርድ የደረሰው ኦቦ ሱልጣን።

ሊሊ ወረቀቴን ፎቶ አንሥታ የፉሪና የሰበታ ውሻ አሳዳጊዎች በሚጻጻፉበት ቴሌግራም ላይ አውጥታዋለች። ሦስት መቶ ሰው አይቶታል። ክፋት አስባ አይደለም፤ ደስ ብሏት ነው።

ፀደንያ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነችው።

«ይሄ የማን እጅ ጽሑፍ ነው?»

ቶንዶሱን አጠፋሁ።

«የዋጋ ሰሌዳዬን የጻፈው ማነው? ይሄን ድብልብል ያለ እጅ አላውቀውም? እኔ ኪራይ ስከፍል፣ እኔ ቀረጥ ስከፍል፣ አንቺ 'የስንፍና ዋጋ' ትያለሽ? ዘጠኝ ሰው ሰርዞብኛል! የማንን እንጀራ ነው የምትቆርጪው?»

«ውሸት አልጻፍኩም።»

«ውሸት ብትጽፊ ይሻለኝ ነበር!» ስልኩን ጋዋኗ ኪስ ከተተች። «ስሚ፣ እትዬ አትክልት። አንድ ጥፋት። አንድ ብቻ። ከዚያ ልብስሽን በፌስታል ይዘሽ ትወጫለሽ። ከክፍሉም ጭምር።»

ኦቦ ሱልጣን ያልሰማ መስሎ ባዶውን ጄሪካን ደጋግሞ ጠበጠበ። ሲወጣ በዓይኑ «አይዞሽ» አለኝ። ይኼ ከስድቡ በላይ አናደደኝ። ማን እዘንልኝ አለው?


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27። ፀሐይ ሁለት ሰዓት ያህል።

ፀደንያ ለዐውደ ዓመት አዲስ ዋጋ አወጣች፤ በእያንዳንዱ ላይ «የውኃ ተጨማሪ 400»። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለጳጉሜ ቀብድ ተቀብላ ጨርሳለች። ሊሊም ቲቶን ለጳጉሜ 4 አስይዛለች። በበዓል ሰሞን አታምጪው ብያት ነበር። «የባሌ ቤተሰቦች ሊመጡ ነው፣ ካላማረ ውሻዬን አጣዋለሁ» አለችኝ በስልክ።

ፀደንያ አጠገቤ ቆማ ትሰማለች። «እንግዲህ ያንቺው ደንበኛ ናት» አለች። «ቲቶ ነጭ ሆኖ ካልወጣ፣ አንዱ ጥፋት ያ ነው።»


ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 1። ቧንቧ የለም። የቦቴው ሹፌር ስልክ ዝግ። ከአስፋልት ወደ እኛ የሚገባው መንገድ ጭቃ ውጦታል። ሦስት ውሾች፣ ሁሉም ቡናማ፣ ተመስገን።


እሑድ፣ ጳጉሜ 2። ደመና።

እማማ ሰብለወርቅ ለሩፋኤል ዝናብ ሲሰናዱ ዋሉ። አዲስ ነጭ ፕላስቲክ ገዝተው በአራት እንጨት ወጠሩት፤ መሐሉ ላይ ቀዳዳ፣ ከሥሩ አራት ጄሪካን የሚይዘው ሰማያዊ በርሜል። በርሜሉን ሦስት ጊዜ አስጠቡኝ።

«ከሰማይ ቀጥታ ነው የሚገባው፣ ልጄ። ቆርቆሮ እንዳይነካው፣ ወፍ የረገጠው እንዳይደርስበት። የአንቺ ውሾች ደግሞ በዚህ በኩል እንዳያልፉ።»

«እሺ፣ እማማ።»

«እሺ ትያለሽ። አዟሪቷ ናት የማትሰማኝ።» ፀደንያን ማለታቸው ነው። ውሻ ስለምታዞር እንዲያ ነው የሚጠሯት።


ሰኞ፣ ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል። ከአራት ሰዓት ጀምሮ እስከ ሰባት የወረደ ዝናብ። ግቢው ውስጥ እኔ፣ እማማ፣ የጎረቤት ልጆች ሁሉ።

ልጆቹ ራቁታቸውን ዝናብ ውስጥ ዘለሉ። እማማ ጠርተውኝ «ራስሽን ዝቅ አድርጊ» አሉና ከበርሜሉ በጣሳ ቀድተው አፈሰሱብኝ፤ ከዚያ አጠጡኝ። ከሁሉ በፊት እኔን። ከዚያ በርሜሉን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው በክር አሠሩት። ከነገ ወዲያ ማታ ለድፎው ሊጥ ያቦኩበታል፤ በዕንቁጣጣሽ ጎረቤቱ እየመጣ በሃይላንድ ይወስዳል። በየዓመቱ እንዲህ ነው።

ደግ ሴት ናቸው። ለሰው ማለቴ ነው።


ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 4። ጠዋት ብርድ። እማማ ለበዓል ገበያ ወጥተዋል። ፀደንያ የለችም፣ ስልክ ላይ። እኔ ብቻ።

አራት ውሻ። ሦስቱ ጥቁር፣ በጣሪያ ውኃ አለቁ።

ሊሊ ቲቶን አራት ሰዓት ላይ ጥላው ሄደች። ዘጠኝ ላይ ትወስደዋለች።

ኦቦ ሱልጣን ሁለት ጄሪካን ይዞ መጣ። የእማማ ናቸው፣ ከትናንት የተከፈለባቸው። በረንዳው ላይ፣ በርሜሉ አጠገብ አስቀምጦ የእሳቸውን ሁለት ባዶ ወሰደ። ለእኔም ሁለት አምጣልኝ አልኩት። «ወረፋው አስፋልት ደርሷል፣ አዴ። ነገ ካልሆነ አልደርስም።» ሄደ።

ለፀደንያ ደወልኩ። «ከየትም አምጪ። ከየት ነው ብዬ አልጠየቅኩሽም። በጣሪያ ውኃ እንዳትነኪው ብቻ!» ዘጋችብኝ።

ስድስት ሰዓት።

ውኃ ተገኘ።

ቲቶ ታጠበ፣ ደረቀ፣ ተቆረጠ። አረፋው እንዲህ ሲያወጣ አይቼ አላውቅም። እንደ በረዶ ነጣ። ሊሊ ስታየው አለቀሰች። «ምን አደረግሽው? እንዲህ ሆኖ አያውቅም!» ሁለት መቶ ብር ጉርሻ ሰጠችኝ። ሒሳቡን ጻፍኩላት፤ የውኃ ተጨማሪ 400 ጭምር።

ጨርቁን መልሼ ሳስር እጄ ርጥብ ስለነበር ክሩ አልጠብቅ አለኝ።


ረቡዕ፣ ጳጉሜ 5። ካፊያ። እማማ፣ ፀደንያ፣ እኔ፤ በኋላ ጎረቤት ሁሉ።

ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እማማ ሊጥ ሊያቦኩ በርሜሉን ከፈቱ። ጩኸታቸው ነው የጠራን።

«ግማሽ! እስከ አፉ ሞልቼው ግማሽ! ይሄ አስተሳሰርም የእኔ አይደለም! ማነው እጁን እዚህ ያስገባ?»

ፀደንያ ፊቴን አየች። አንዴ ብቻ። ከዚያ ወደ እማማ ዞረች።

«ትናንት ሱልጣን አልመጣም? እኔ ስደርስ በርሜሉ አጠገብ ቆሞ ነበር።»

ትናንት ፀደንያ ጭራሽ አልደረሰችም።

«ሱልጣን?» አሉ እማማ። «ሱልጣን ጄሪካን ይዞ ገባ። እውነትም ጄሪካን ይዞ ወጣ።» ከዚያ ወደ እኔ፤ «አንቺ ነበርሽ። አየሽው?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ» አልኩ።

እውነት ነው። ሥራ ላይ ነበርኩ።


ሐሙስ፣ መስከረም 1 ቀን 2018። ጥርት ያለ ሰማይ። ግቢው ሙሉ ሰው።

ጎረቤቱ ሃይላንዱን ይዞ መጣ። እማማ ለእያንዳንዱ በግማሽ እየቀዱ ለእያንዳንዱ ነገሩት። እኔ አበባ ስጎዘጉዝ የሰማሁት፦

«ሸጦት ይሆናላ።»

«ለማን?»

«ውኃ የጠፋበት ሞልቶ! በዚህ ሰሞን ሽንትም ይሸጣል።»

«ለነገሩ የእኛን በዓል ምን ብሎ ያከብራል።»

«ዝም በሉ፣ ደግ ሰው ነው እኮ…»

«ደግ ሌባ!»

ሳቁ። የመጨረሻዋን ያሉት እማማ ናቸው፣ በሙሉ ድምፃቸው፣ በሩ ክፍት ሆኖ። ከበሩ ውጭ አህያ አየሁ። የእሱ ትሁን የሌላ ሰው አላጣራሁም።

ለእኔም ድርሻዬን ሰጡኝ። መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አልጠማኝም።


እሑድ፣ መስከረም 4። ሞቃት።

የቲቶ ፎቶ ቴሌግራሙ ላይ ወጥቷል። ሰው ሁሉ «በምን ነጣ?» ይላል። ፀደንያ ከሰል ስገዛ ጠብቃ ያዘችኝ።

«ከበርሜሉ ነው አይደል?»

መልስ አልጠበቀችም። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ነበር። እሷ ግን ሰሌዳውን አምጪ አለችኝና አጻፈችኝ፦ «ልዩ የንጣት እጥበት፦ 4,500»።

«ያ ውኃ አልቋል» አልኳት።

«ውኃውን ማን አየው? ዋጋውን ነው የሚያዩት።»

ጻፍኩት። እጄ የራሴ ሆኖ ምን ምን እንደሚጽፍ አየሁት። እሷን ልጠላት ስፈልግ ሰሌዳው መሐል ይገባል።


ማክሰኞ፣ መስከረም 6።

ለሱልጣን የሚከፍት በር በሠፈሩ ጠፋ። ትናንት ከአምስት ቤት መለሱት። አንዱ የጋሪውን ገመድ በጥሶበታል። ፀደንያም ሌላ ባለጋሪ አስመጣች፤ ወጣት፣ በጄሪካን አሥር ብር ይጨምራል፣ ሰላም አይልም።

በርሜሉን ሳስብ የሚመጣልኝ ይኼ ነው፤ ልጻፈውና ይውጣልኝ። በረንዳው ላይ የተከፈለባቸው ሁለት ጄሪካኖች ነበሩ። እነሱን ለመንካት እጄ አልሄደም። ሰው ላቡን አፍስሶ ያመጣው፣ ሰው ገንዘቡን የከፈለበት ነው አልኩ። በርሜሉ ግን ከሰማይ የወረደ። ማንም ያልከፈለበት። ማን ይጠይቃል አልኩ።

ሦስት ጊዜ ያጠብኩት በርሜል ነው። ለምን እንደሆነ እያወቅኩ ነው ያጠብኩት።


ሐሙስ፣ መስከረም 8። ነፋስ። እኔና ፀደንያ፣ በር ዘግተን።

ልናገር ነው አልኳት።

ቶንዶሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ምን ብለሽ? ጠበሉን ለውሻ አፈሰስኩት? ሴትዮዋ ሰበብ ነው የሚፈልጉት! ውሌ መስከረም 30 ያልቃል። በማግሥቱ ውጡ ነው የሚሉን፣ ሁለታችንንም!»

«ሰውዬው ሌባ ተባለ።»

«ሌላ ሠፈር ይሄዳል! ውኃ የማይሸጥበት ሠፈር የት አለ? አንቺስ? አርባ ስድስት ዓመትሽ ነው፣ ዘመድ የለሽ፣ ቤት የለሽ። የት ነው የምትገቢው? ማን ነው ለአጣቢ ክፍል የሚሰጥ?» ከዚያ ድምፅዋን አለሰለሰች፣ ይኼ ነው የባሰው። «ደሞዝሽን ሺህ እጨምርልሻለሁ። ያንን ስምንት መቶም እመልሳለሁ። እትዬ፣ ተይው። እሱ ራሱ ረስቶታል።»

ምንም አለማለቴን እሺ ማለት አድርጋ ወስዳው ሄደች። አላረምኳትም።


ዓርብ፣ መስከረም 9። ማለዳ ጤዛ።

ሱልጣን አልረሳውም። ዳቦ ልገዛ ስወጣ አጥሩ ጥግ ቆሞ ጠበቀኝ። ጋሪውን አልያዘም። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ለአቤቱታ እንደሚሄድ ሰው።

«አካም ቡልተ፣ አዴ አትክልት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ያን ቀን አንቺ በሩ ላይ ነበርሽ። ስወጣ ጄሪካኖቹ ባዶ ነበሩ። በሁለት ጣቴ ነበር አንጠልጥዬ የወጣሁት። ውኃ ያለበት ጄሪካን በሁለት ጣት ይነሣል? አይተሻል አንቺ። ለእማማ ይሄን አንድ ቃል ንገሪልኝ። ሌላ አልፈልግም። ገበያው ይቅር፣ ግን ልጄ ትምህርት ቤት የሌባ ልጅ ተባለች።»

«ልብ አላልኩም» አልኩት።

ፊቴን አየኝ። ያወቀ መሰለኝ። ወይም እኔ ስለማውቅ መሰለኝ።

«እሺ» አለ። ሄደ።

ልብ አላልኩም! ውሻ ሳጥብ እያንዳንዱን ቋጠሮ ልብ የምል ሴት።

ፀደንያን ስሰድብ ስንት ገጽ ጨረስኩ። ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት። «ውኃ ተገኘ» ብዬ ጽፌያለሁ። ማን አገኘው? የገዛ ደብተሬን ዋሽቼዋለሁ። ይኼን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም፤ ታዲያ ማንን ነው የፈራሁት?


ቅዳሜ፣ መስከረም 10። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ብርድ።

ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ብርድ ልብሴን አጥፌ ልብሴን ሰበሰብኩ። የክፍሉን ቁልፍ በእጄ ይዤ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። እማማ ከኪዳን ሲመለሱ ሦስት ጎረቤቶች አብረዋቸው ነበሩ፤ በሩ ላይ ይሰነባበታሉ። እስኪለያዩ ከጠበቅኩ እንደማልናገር ስላወቅኩ አልጠበቅኩም።

«እማማ፣ የሩፋኤልን ውኃ የወሰድኩት እኔ ነኝ። የሊሊን ውሻ አጠብኩበት። ኦቦ ሱልጣን በርሜሉን አልነካም።»

አንዷ አማተበች። እማማ ነጠላቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«ለውሻ?»

«ለውሻ።»

«ስንት ቀንሽ ነው ይሄን ይዘሽ ደህና አደሩ ስትዪኝ?»

«አሥራ አንድ።»

ይመቱኛል ብዬ ነበር። አልመቱኝም።

«ውኃውን ሩፋኤል ይተውልሽ» አሉ። «እኔን ግን ምን አደረግሽኝ? በሰው ፊት ሌባ ብዬዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ደጁን በምን እግሬ ልርገጥ? ዝም ካልሽ አይቀር፣ ዝም ብለሽ አትቀሪም ነበር?»

ሦስቱም ሴቶች መሬት መሬት አዩ። እነሱም ብለውታል።

ቁልፉን ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም። በረንዳው ደረጃ ላይ አስቀምጬው ወጣሁ። ፀደንያ ገና አልመጣችም።

በእግሬ ወደ ቦኖው ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሱልጣን ፊት ነበር፣ የሚሸጥበት ሠፈር ባይኖርም ወረፋውን አልለቀቀም። አጠገቡ ቆሜ ያንኑ ቃል ነገርኩት። መጀመሪያ በአማርኛ። ከዚያ ሰልፈኛው ሁሉ እንዲሰማ በምችለው ኦሮምኛ ደገምኩት። ትናንት እሱ አልዋሸኝም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኩ።

ሱልጣን ቀና አላለም። ጄሪካኑ እስኪሞላ ጠብቆ ክዳኑን አጥብቆ ጋሪው ላይ ጫነው። ከዚያ ጠየቀኝ።

«ስንት ጄሪካን የሚሆን ነው የወሰድሽው?»

«ሁለት።»

«ሁለት» አለ። ወደ ሰልፈኛው ዞሮ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእነሱ እንደሚናገር፣ «ለሁለት ጄሪካን» አለ።

ማንም አልሳቀም። የአህያውን ልጓም ያዘ።

«ዘወር በይ» አለኝ። «ጋሪው ሊያልፍ ነው።»

ዘወር አልኩ።